ንፍፊት ለምን ይወጣል? አብሮን የሚወለደውና እየተማረ የሚሄደው የሰውነት መከላከያ

ጅማ ዙሪያ የቡና ለቀማ ሲደርስ እግሩን እሾህ ወይም ጉቶ የሚወጋው ሰው ብዙ ነው። ማና፣ ጎማ ወይም ሰቃ ጨቆርሳ ያለ ለቃሚ ተረከዙን ይወጋል፣ እሾሁን ነቅሎ ይጥልና ሥራውን ይቀጥላል። ማታ ላይ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ይጠዘጥዘዋል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ብሽሽቱን ያመው ጀመር። ሲዳብሰው የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠት ያገኛል። «ንፍፊት ወጣብኝ» ይላል፤ ቤት ያለ ሰውም በቅቤ ያሽለታል።

የተወጋው ተረከዙ፣ ያበጠው ብሽሽቱ። ምን አገናኛቸው? ይህን የተረዳ ሰው ሰውነታችን ኢንፌክሽንን እንዴት እንደሚከላከል ዋናውን ነገር ተረድቷል። በትምህርት ቤት ብዙዎቻችን የተማርነው ሁለት መከላከያ እንዳለን ነው፤ አንዱ አብሮን የሚወለደው፣ ሌላው ከበሽታ ጋር እየተገናኘ የሚማረው። ብዙ ጊዜ የሚነገረውም የመጀመሪያው ሲሸነፍ ሁለተኛው ተራውን እንደሚረከብ ሆኖ ነው። ይህ አነጋገር ዋናውን ነገር ይደብቃል። የመጀመሪያው ካልቀሰቀሰው ሁለተኛው አይነሣም። ሁለተኛው ተመልሶ ካላገዘው ደግሞ የመጀመሪያው ብዙ ጀርሞችን መጨረስ ያቅተዋል።

ተረከዙ ላይ

ያልተቀደደ ቆዳ አብዛኛውን ጀርም አያስገባም። እንባና ምራቅ ውስጥ የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ላይሶዛይም የሚባል ኢንዛይም አለ። ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም የጨጓራ አሲድ ይገድለዋል፤ በአየር የገባውን የመተንፈሻ ቱቦ ዝልግልግ ፈሳሽ ይይዘዋል። እሾህ ግን ይህን ሁሉ አልፎ ባክቴሪያውን ከነአፈሩ ሥጋ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ከቆዳው ሥር ማክሮፌጅ የሚባሉ ትልልቅ ሴሎች ቀድመው ተቀምጠዋል። ማክሮፌጅ የገባው ባክቴሪያ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለይቶ አያውቅም። የሚያውቀው በጀርሞች ላይ የተለመዱ፣ በጤነኛ የሰው ሴል ላይ ግን የማይገኙ ጥቂት ነገሮችን ነው፦ የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን የተሠራበትን የስብና የስኳር ውህድ፣ የሚዋኙበትን ጅራት ፕሮቲን፣ የመሳሰሉትን። እነዚህን የሚለዩት ተቀባዮች ከወላጅ በዘር የሚወረሱ ናቸው፤ ሰው ይዟቸው ይወለዳል፣ ይዟቸው ይሞታል። ከእነሱ በጣም የታወቁት ቶል መሰል ተቀባዮች ናቸው። ቶል የተባለው ጂን ዝንብን ከፈንገስ እንደሚከላከል ጁልስ ሆፍማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳዩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሩስ ቦይትለር ተመሳሳዩ ተቀባይ አይጥ ውስጥ የባክቴሪያን ሽፋን እንደሚለይ አገኘ። ከዝንብ እስከ አይጥ፣ ከአይጥ እስከ ሰው ይህን ያህል የተጠበቀ ነገር ማግኘት በእኔ ግምት ከዘመናችን ታላላቅ ግኝቶች አንዱ ነው።

ማክሮፌጁ ጀርም መኖሩን ሲያውቅ ያገኘውን እየዋጠ ሳይቶካይን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይለቃል። የአካባቢው የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ግድግዳቸው ይላላል፣ ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይወጣል። ቅላቱም ሙቀቱም እብጠቱም ከዚህ ይመጣል፤ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ይህንን ነው። ኬሚካሎቹ በደም አንጎል ከደረሱ ደግሞ ትኩሳት ይነሣል።

በሰፋው የደም ሥር በኩል ኑትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጎርፋሉ። ላቦራቶሪ ስለምሠራ ለወባ ምርመራ በተዘጋጀ ስላይድ ላይ ዘወትር አያቸዋለሁ። በጊምሳ የተቀለመ ቀጭን የደም ስሚር ላይ ዘይት ጠብ አድርጌ በትልቁ ሌንስ ስመለከት፣ ከቀያዮቹ ሴሎች መካከል ኒውክለሳቸው ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ቦታ ተከፋፍሎ በቀጭን ክር የተያያዘ፣ ሐምራዊ ቀለም የያዙ ሴሎች ጎልተው ይወጣሉ። ኑትሮፊል ማለት እነሱ ናቸው። ጤነኛ አዋቂ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከነጭ የደም ሴሎች ከ50 እስከ 70 በመቶ ይይዛሉ። ትንሽ ፈቀቅ ሲባል ደግሞ ኒውክለሱ ክብና ድፍን የሆነ፣ ዙሪያውን ቀጭን ሰማያዊ ጠርዝ ብቻ ያለው ሌላ ሴል ይገኛል። እሱ ሊምፎሳይት ነው፤ የሚማረው መከላከያ ሴል። ሁለቱ በአንድ የደም ጠብታ ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ፣ ሥራቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ኑትሮፊል በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፣ የገጠመውን ባክቴሪያ ይውጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። ከቁስል የሚወጣው መግል በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው። ሊምፎሳይት ግን ይዘገያል፤ ከተሰናዳ በኋላ ለዓመታት ሊኖር ይችላል።

ከተረከዝ ወደ ብሽሽት

በሁለቱ መከላከያዎች መካከል መልእክት የሚያደርስ ሴል አለ፤ ዴንድሪቲክ ሴል ይባላል። ራልፍ ስታይንማን ከዛንቪል ኮን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1973 ኒውዮርክ ውስጥ ለዓለም ያስተዋወቀው ይህንን ሴል ነው። ብዙ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ አላመኑትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ከሆፍማንና ከቦይትለር ጋር የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ከሦስት ቀን በፊት አርፎ ነበር፤ ሰጪው አካል መሞቱን ሳያውቅ ስለወሰነ ሽልማቱ ጸንቶለታል።

ዴንድሪቲክ ሴሉ ተረከዙ ላይ ከባክቴሪያው የተወሰነ ይውጥና ይቆራርጠዋል፤ ቁራጮቹንም በራሱ ገላ ላይ ያወጣቸዋል። የጀርሙን ምልክት ቶል መሰል ተቀባዮቹ ስለነገሩት ጠባዩ ይለወጣል፤ መዋጡን ትቶ ጉዞ ይጀምራል። ከሥጋው የሚሰበሰበውን ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ በሚወስድ ቱቦ አድርጎ እግሩን ሽቅብ ይወጣና ብሽሽት ያለው የሊምፍ እጢ ውስጥ ይገባል። የእግር ሊምፍ የሚሰበሰበው እዚያ ነውና።

እጢው ውስጥ ቲ ሴል የሚባሉ ሊምፎሳይቶች እየገቡ እየወጡ ናቸው። እያንዳንዱ ቲ ሴል የሚለየው አንድ ዓይነት ቁራጭ ብቻ ነው። ለዚህ ባክቴሪያ ቁራጭ የሚገጥመው ከመቶ ሺህ አንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። ያ አንዱ በመላው ሰውነት እየዞረ ተረከዙን በዕድል እንዲያገኝ ቢጠበቅ ሰውየው ቀድሞ ይሞት ነበር። እጢው ያለው ለዚህ ነው፤ የሚፈላለጉት አንድ ቦታ እንዲገናኙ። የገጠመው ሲገኝ ይያዛል፣ ይከፈላል፣ ደግሞ ይከፈላል። በደም በኩል የሚመጡ ሊምፎሳይቶችም ለጊዜው እንዳይወጡ ይታገዳሉ። ብሽሽት ላይ የሚዳሰሰው እብጠት ይህ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን መታየቱም ፍለጋውና መባዛቱ ጊዜ ስለሚወስድ ነው። በቅቤ ማሸት እጢውን አይረዳውም፤ ሊረዳ የሚችለው ተረከዙን በንጹሕ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያልተሟላለት ሰው ደግሞ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ አፈር ውስጥ የሚኖር ነው።

ለማያውቀው ጀርም ሁሉ የሚገጥም ሴል ከየት ተገኘ? ይህን ለማስረዳት ከጅማ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬው ሲቢዲ የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ፍሬውን በዛፉ ላይ እያጠቆረ ሲጨርስ፣ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋም ቡና ላቦራቶሪ ውስጥ አልፈጠሩም። በየጫካው በሽታው ባጠቃው ቡና መካከል ሳይነካ የቆመውን ዛፍ ለቅመው ዘሩን አባዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1974 ስለተመረጡ ነው። ጫካው በሽታው ከመምጣቱ በፊት ብዙ ዓይነት ዛፍ ባይኖረው የሚመረጥ አይገኝም ነበር። ሰውነታችንም እንዲሁ ያደርጋል። ሊምፎሳይት መቅኔና ታይመስ (ደረት ውስጥ ያለ እጢ) ውስጥ ሲያድግ የተቀባዩን ጂን ቁርጥራጮች ያለ ዕቅድ እያገጣጠመ እያንዳንዱ የተለየ ተቀባይ ይዞ ይወጣል። ጀርሙ ሲመጣ የገጠመው ይመረጥና ይባዛል። ፍራንክ በርኔት ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1957 አቀረበ፤ ጂኖቹ በእርግጥ እንደሚቆራረጡና እንደሚገጣጠሙ ያሳየው ሱሱሙ ቶኔጋዋ ደግሞ በ1987 ኖቤል ተሸለመ።

መግጠም ብቻውን አይበቃም

ከሁሉ በላይ ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ቲ ሴል የሚገጥመውን ቁራጭ ስላገኘ ብቻ አይነሣም። ቁራጩን ያቀረበለት ዴንድሪቲክ ሴል ሁለተኛ ምልክት ሊሰጠው ይገባል። ዴንድሪቲክ ሴሉ ያንን ምልክት ገላው ላይ በብዛት የሚያወጣው በወረሳቸው ተቀባዮች በኩል ጀርም መኖሩን ካወቀ ነው። ሳይቶካይኑ ደግሞ ሦስተኛ ምልክት ሆኖ ቲ ሴሉ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚሠራ ይወስናል። ሁለተኛው ምልክት ሳይኖር ቁራጩን ብቻ ያገኘ ቲ ሴል ይደነዝዛል ወይም ይሞታል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተቀባዮቹ ያለ ዕቅድ የተገጣጠሙ ስለሆኑ አንዳንዶቹ የራሳችንን ገላ ሊለዩ ይችላሉ። ታይመስ አብዛኞቹን ያስወግዳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ የሚማረው መከላከያ ያገኘው ነገር አደገኛ ይሁን አይሁን በራሱ መወሰን አይችልም፤ ይህን የሚወስንለት አብሮን የተወለደው ነው። ቻርለስ ጄንዌይ እ.ኤ.አ. በ1989 ይህን ሲናገር ማስረጃው ገና በእጅ አልነበረም። መነሻው ግን ክትባት የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነበር፤ የተጣራ ፕሮቲን ብቻውን ቢወጋ ሰውነት ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። የአሉሚኒየም ጨው ወይም የተገደለ ባክቴሪያ ሲጨመርበት ግን ይነሣል። የሚጨመረው ነገር የሚያነቃው አብሮን የተወለደውን መከላከያ ነው።

ጤና ጣቢያ ክትባት በሚሰጥበት ቀን የሚሰማ ንግግር አለ።

«እህቴ፣ ደህና የነበረችው ልጄ ባለፈው ከተወጋች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ አተኮሳት። መድኃኒቱ ተበላሽቶ ይሆን?»

«አይደለም እናቴ፣ ሰውነቷ ሥራውን እየሠራ ነው። ጡት አጥቢያት፣ ልብስ አታብዢባት። ትኩሳቱ ካልለቀቃት ወይም ጡት እንቢ ካለች ግን ቶሎ ይዘሻት ነይ።»

ነርሷ ልክ ናት። በስድስት፣ በአሥርና በአሥራ አራት ሳምንት የሚሰጠው ፔንታ የዘጊ አነዳ፣ የትክትክ፣ የመንጋጋ ቆልፍ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና የሂብ (ማጅራት ገትርና የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ) ክትባቶችን በአንድ ይዟል። የትክትኩ ክፍል የተገደለ ሙሉ ባክቴሪያ ነው፤ ቶል መሰል ተቀባዮች የሚለዩት ያ የስብና የስኳር ውህድ አብሮት አለ። ሕፃኗን ካተኮሷት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ያላተኮሰው ልጅ ክትባቱ አልያዘለትም ማለት ግን አይደለም፤ ብዙ ልጆች ምንም ሳይታይባቸው በደንብ ይከላከላሉ።

የተማረው ተመልሶ ሲያግዝ

እጢው ውስጥ የተነሡት ሴሎች ሥራቸውን በሁለት መንገድ ይሠራሉ። አንዱ አንቲቦዲ ነው። ቢ ሴል የሚባሉ ሌሎች ሊምፎሳይቶች በቲ ሴል እየታገዙ ይህን ፕሮቲን ያመርታሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገጠማቸው ጀርም ይህ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። አንቲቦዲ የጀርምን መርዝ ያከሽፋል፣ ቫይረስ ሴል ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። ባክቴሪያን ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን አይገድልም፤ ላዩ ላይ ይለጠፍበታል እንጂ። ኑትሮፊልና ማክሮፌጅ የአንቲቦዲን ጭራ የሚይዝ ተቀባይ ስላላቸው የተለጠፈበትን ባክቴሪያ አንቀው ይውጡታል። ጉበት የሚያመርታቸው ኮምፕሊመንት የሚባሉ ፕሮቲኖችም አንቲቦዲው ባለበት ተሰብስበው ባክቴሪያውን ይበሱታል።

የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ የሆነው ኒሞኮከስ ይህን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ባክቴሪያው በሚያንሸራትት የስኳር ሽፋን የተጠቀለለ ነው፤ ኑትሮፊል ሊውጠው ሲል ያመልጠዋል። ሽፋኑ ላይ አንቲቦዲ ሲለጠፍ ግን ማምለጫ የለውም። ችግሩ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለስኳር ብቻ ጥሩ አንቲቦዲ አለማምረታቸው ነው፤ ቲ ሴል የሚለየው ፕሮቲን እንጂ ስኳር አይደለምና እገዛ አይደርሳቸውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 የጀመረችው ፒሲቪ የተባለው ክትባት ስኳሩን ከፕሮቲን ጋር አያይዞ ቲ ሴሉን ወደ ሥራው ያስገባዋል።

ኤልያ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1882 የሲሲሊዋ መሲና ውስጥ የባሕር ኮከብ እጭ ላይ የጽጌረዳ እሾህ ሰክቶ ሴሎች ሲከቡት አየ፤ የሚከላከሉልን ዋጭ ሴሎች ናቸው አለ። የጀርመን ተመራማሪዎች ደግሞ በደም ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነገር ነው አሉ። ሙግቱ ለዓመታት ቀጠለ። ኖቤል ሰጪዎች በ1908 ሽልማቱን ለሜችኒኮፍና ከሌላው ወገን ለፓውል ኤርሊክ አካፈሉ። አንቲቦዲ የለጠፈውን ኑትሮፊል ሲውጠው ላየ ሰው ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ሁለተኛው መንገድ ቲ ሴሉ ራሱ ነው። ሲዲ ኤይት የሚባለው ቫይረስ የገባበትን የገዛ ሴላችንን ይገድላል። ሲዲ ፎር የሚባለው ደግሞ ሌሎቹን ያዛል፣ ያበረታል። እኛ አገር ይህን ስም ያልሰማ ሰው ጥቂት ነው፤ በኤች አይ ቪ ክትትል ብዙ ቤት ገብቷል። ሲዲ ፎር ሲያልቅ ለምን ቲቢ ይመጣል? የቲቢን ባክቴሪያ ማክሮፌጅ ይውጠዋል፣ ግን አይገድለውም፤ ባክቴሪያው የሚፈጭበትን ክፍል አስቁሞ እዚያው ውስጥ ይኖራል። ሲዲ ፎር ሴል መጥቶ ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለውን ኬሚካል ሲለቅለት ማክሮፌጁ ይበረታል፤ ባክቴሪያውን ይገድላል ወይም ከብቦ ያግተዋል። ከዓለም ሕዝብ አንድ አራተኛ የሚሆነው በቲቢ ባክቴሪያ እንደተያዘ ይገመታል፤ ከእነዚህ በዕድሜ ልካቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ ናቸው። ቀሪውን ጤነኛ ያደረገው የሁለቱ መከላከያዎች መተጋገዝ ነው። ሲዲ ፎር ሲቀንስ ማክሮፌጁ አለ፣ ባክቴሪያውም ውስጡ አለ፣ የሚያበረታው ግን የለም።

አንገት ላይ የሚወጣ፣ ሳምንታት ቆይቶ የማይቀንስ፣ ብዙም የማያም እጢ ካለ፣ በተለይ ሌሊት ማላብና መክሳት ካለበት፣ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል በመርፌ ናሙና መመርመር አለበት። ኢትዮጵያ ውስጥ የእጢ ቲቢ የተለመደ ነው።

በኮሮና ጊዜ «ኢሚውኒቲ የሚጨምር ምን ልብላ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዳማከሴ መጠጣት ደስ የሚያሰኝ ከሆነ ይጠጣ። ግን መከላከያው ሁልጊዜ ቢጨምር ጥሩ ነው ማለት ስሕተት ነው። አብሮን የተወለደው መከላከያ ከልክ ሲያልፍ ሴፕሲስ ይሆናል፤ የሰፉት የደም ሥሮች የደም ግፊቱን ጥለው ሰው ይገድላሉ። የሚማረው ሲሳሳት አስም፣ አለርጂና የመገጣጠሚያ በሽታ ይመጣል። በእርግጥ የሚጎዳን የምግብ እጥረት ነው። በጣም የከሳ ሕፃን ታይመሱ ይኮማተራል፤ ለልጆች በዘመቻ ቫይታሚን ኤ የሚሰጠውም አንዱ ምክንያት ይኸው መከላከያቸው እንዳይዳከም ነው።

ትዝታው

ኢንፌክሽኑ ካለፈ በኋላ ከተባዙት ሊምፎሳይቶች አብዛኞቹ ይሞታሉ፣ ጥቂቶቹ ይቀራሉ። አንቲቦዲ አምራቾቹ መቅኔ ውስጥ ተቀምጠው ለዓመታት ያመርታሉ። ያው ጀርም ሲመለስ ምላሹ ሳምንት አይጠብቅም።

ትዝታው ለሁሉም እኩል አይደለም። አሰንዳቦና ግቤ አካባቢ ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ይህን ያውቃል። የወባ ተውሳክ ቀይ የደም ሴል ላይ የሚያወጣውን ፕሮቲን ስለሚቀያይር የተማረው መከላከያ ከኋላው ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ለዓመታት ተደጋግሞ የተያዘ ሰው ከጽኑ ሕመም የሚያድን መከላከያ ያገኛል፤ ወባ የሌለበት አገር ተቀምጦ ሲመለስ ግን ይደክምበታል። «ወባ ለምዶኛል» ብሎ አጎበር መተው ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ኩፍኝ የተገላቢጦሽ ነው። አንዴ የያዘው ብዙውን ጊዜ ዳግም አይያዝም፤ ነገር ግን ቫይረሱ ትዝታ የያዙትን ሊምፎሳይቶች ራሳቸውን ያጠቃል። ኔዘርላንድስ ውስጥ ባልተከተቡ ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ልጆቹ ኩፍኝ ከያዛቸው በኋላ ለሌሎች ጀርሞች ከነበሯቸው የአንቲቦዲ ዓይነቶች ከ11 እስከ 73 በመቶ እንዳጡ አሳይቷል። ከኩፍኝ የተረፈ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ በሳንባ ምችና በተቅማጥ የሚጠቃው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ክትባቱ የኩፍኝን ትዝታ ይሰጣል፣ የሌላውን አይደመስስም።

ክትባቱ በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ሕፃኑ ከእናቱ በእንግዴ ልጅ በኩል የወሰደው አንቲቦዲ እስኪያልቅ ተጠብቆ ነው፤ ቀድሞ ቢሰጥ የእናት አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ይይዘውና ሕፃኑ ሳይማር ይቀራል። በዘጠኝ ወርም ቢሆን ከመቶ ልጆች የሚማሩት 85 ያህሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአሥራ አምስት ወር የሚሰጠው ሁለተኛው ዙር በዋናነት የታሰበው ለቀሩት 15 ነው። የትኞቹ እንደሆኑ በዐይን አይለይም፤ ስለዚህ ሁሉም ይከተባል። ወሩ ያለፈበት ልጅም የክትባት ካርዱን ይዞ ቢመጣ አይመለስም።